እድራችን ለግፊትና ለስኳር ቴሌግራም ሊከፍት ነው፤ ምን ይሻላል? (ሐዋሳ)

የሐይቅ ዳር ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ማን ከፈለ ማን ቀረ እያልኩ መዝገብ ይዤ የምዞረው ሰውዬ ማለት ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ተነስተው «ሰው ሲሞት እናዋጣለን፤ በሕይወት እያለ ብናዋጣለትስ?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ። በቅርብ የተከልናቸውን ድንኳኖች ሁሉም በልቡ ሳይቆጥር አልቀረም። አንዱ በስትሮክ፣ አንዷ በኩላሊት፣ ሌላው ስኳር እግሩን አስቆርጦት። አብዛኞቹ ግፊት እንዳለባቸው ያወቁት ወድቀው ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ ነው።

ከዚያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ «ቴሌግራም ቻናል እንክፈትና በየቀኑ የጤና መልእክት እንልቀቅ፤ ወጪም የለው» ይላሉ። ትልልቆቹ «መለኪያ ማሽን ይገዛና ሰው ይለካ» ባይ ናቸው። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ሁለቱም ደግሞ አንድ ነገር የጎደላቸው ይመስለኛል። ሙያው ያላችሁ፣ በሰፈራችሁ የሞከራችሁ፣ እስቲ ሐሳብ ጣሉ።

ጥርጥር

ሌላ ቻናል? ኧረ በናታችሁ። ስልኬ ላይ ያሉትን ቻናሎች ግማሹን ድምፃቸውን ዘግቼ ነው የምኖረው። ሰው ጨውና ስኳር እንደሚጎዳ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አጎቴ ግፊት አለበት። ስለ ግፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊያስተምርህ ይችላል። መድኃኒቱን ግን ያዝ ለቀቅ ነው።

ነርስ ከታቦር

ጥርጥር፣ አጎትህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የወጣቶቹ ሐሳብና የስብሰባ ሐሳብ ጎን ለጎን የተፈተነበት አገር አለ፤ ባንግላዴሽ። ነገሩ ለእድር በጣም ስለሚቀርብ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ፋሪድፑር በሚባል አካባቢ 96 መንደሮችን ወስደው በሦስት መደቧቸው። በአንደኛው ምድብ ያሉ ሰዎች ስለ ስኳር ሕመም የሚያስተምር የድምፅ መልእክት በሳምንት ሁለቴ በስልካቸው ይደርሳቸዋል፤ ለ14 ወር። በሁለተኛው ምድብ የመንደሩ ሰው በወር አንዴ ይሰበሰባል፤ ለ18 ወር። ሰብሳቢው ሐኪም አይደለም። እዚያው አካባቢ የተመለመለ፣ ሥልጠና የተሰጠው ተራ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ስኳር የሚያበዛው ምንድን ነው፣ ምን ማድረግ እንችላለን ብለው ራሳቸው ይወያያሉ፤ ራሳቸው ወስነው ራሳቸው ይሠሩታል። ሦስተኛው ምድብ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ያገኛል።

ውጤቱ በፈረንጆቹ 2019 ወጣ። መልእክት የደረሳቸው ሰዎች ስለ ስኳር ያላቸው እውቀት ጨምሯል። የደማቸው ስኳር ግን ንቅንቅ አላለም። በተሰበሰቡት መንደሮች ደግሞ የስኳር ሕመም ወይም ወደዚያ የተጠጋ ስኳር ያለበት ሰው በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ።

አሁን እድራችሁን እዩት። በወር አንዴ ይገናኛል። ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። እዚያ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ሰው ተቀጥሮለት የተቋቋመውን ስብሰባ እኛ ከአያቶቻችን ወርሰን ለቀብር ብቻ እንጠቀምበታለን። ስለዚህ የእኔ ምርጫ የወር ስብሰባው ነው። ስልኩ ስብሰባውን ያገልግል።

ኮድ ጸሐፊው

ሲስተር፣ ጽሑፍሽ ግሩም ነው። ግን ስልክን በአንድ ጥናት አትቅበሪው እንጂ።

ሕንድ ውስጥ 537 ወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ። ሰዎቹ ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ግን ገና ሕመምተኛ ያልተባሉ ናቸው። ለግማሾቹ ለሁለት ዓመት አጭር የጽሑፍ መልእክት ተላከላቸው። መልእክት ከደረሳቸው ውስጥ 18 በመቶው ወደ ስኳር ሕመም ሲሄድ፣ ካልደረሳቸው 27 በመቶው ሄደ። በተራ የጽሑፍ መልእክት ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሁሉም መጀመሪያ ተመርምረው ቁጥራቸውን አውቀዋል፤ ፊት ለፊትም ተመክረዋል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም። ሰውየው ገና እያሰበበት ነው ወይስ ጀምሯል የሚለው እየታየ ነው የሚላከው። ቁጥሩን ለሚያውቅ ሰው የተላከ መልእክትና ለአየር የተለቀቀ መልእክት ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ትልልቆቹ ትክክል ናቸው። መጀመሪያ ልኬት።

ነርስ ከታቦር

ይህቺን እቀበላለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር። ኬፕ ታውን ውስጥ 1372 የግፊት ታካሚዎች ላይ የስልክ መልእክት ተሞክሮ ነበር። ቀጠሮ ያስታውሳል፣ መድኃኒት ውሰድ ይላል። ከዓመት በኋላ የላይኛው ግፊት የቀነሰው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መድኃኒት የመውሰዱ ነገር መሻሻል አሳይቷል፤ ዜሮ አይደለም። ግን ስልኩ ብቻውን ተአምር ይሠራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን ይወቅ።

የአለታዋ

የሁላችሁም ሐሳብ ጥሩ ነው። ግን የቴሌግራሙ ነገር እናቴን አያውቃትም። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። መልእክት ሲመጣላት የሚያነብላት የወንድሜ ልጅ ነው፤ እሱም ደስ ካለው። «ግፊትሽ ጨምሯል» የሚል ነገር በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አፍ ሲነገር አስቡት።

ለእሷ የሚሆነው በሲዳሙ አፎ የተቀዳ አጭር ድምፅ ነው። ያም ቢሆን ቡና ሲፈላ አንዷ ከስልኳ ከፍታ ለሁሉም ብታሰማ ይሻላል። ከዚያ ወሬ ይነሳል። አንዷ «ጨው የሌለው ቆጮማ በምን ይወርዳል» ትላለች፤ ሌላዋ የእህቷን ስትሮክ ታነሳለች። ሲስተር ያለችው ውይይት ያኔ ነው የሚጀመረው።

ሌላ ደግሞ፤ በእናንተ እድር ስብሰባ የሚመጣው ማነው? እኛ ሰፈር አባወራው ነው። እናቶች የራሳቸው እድር አላቸው። ወጥ የሚሠራው፣ ጨው የሚጨምረው ማን ሆነና ነው አባወራ ብቻ የምትሰበስቡት?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ውይ፣ ይህን አላሰብነውም ነበር። የእኛም እንደዚያው ነው። የሴቶቹን እድር ሰብሳቢ አነጋግራለሁ። እሳቸው ካሉበት ነገሩ ከወንዶቹ ቀድሞ እንደሚሄድ አልጠራጠርም።

ባጃጅ ቁጥር ሁለት

እኔ ደግሞ የየትኛውም እድር አባል አይደለሁም። ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ቀኑን ሙሉ ተራ ላይ ነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ሥራችን ቁጭ ነው፤ እግር የሚንቀሳቀሰው ጎማ ሲቀየር ብቻ ነው። ከሰዓት ጫት አለ፣ በጫቱ ለስላሳ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ። ባለፈው አንድ ተራ ጓደኛችን መሪ ይዞ አፉ ተጣመመ። 40 አልሞላውም። እንደኛ ያለውን ማን ይለካዋል?

ፋርማሲስቷ

ወንድሜ፣ ለጓደኛህ እግዜር ይማረው። አንተ ያነሳኸው ነገር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፀጉር ቤት ተሞክሯል። ብዙ ጥቁር ወንዶች ሐኪም ቤት አይሄዱም፤ ፀጉር ቆራጭ ጋ ግን አይቀሩም። ስለዚህ 52 ፀጉር ቤቶችን መረጡ። ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን ይለካል፤ ፋርማሲስት እዚያው ድረስ መጥቶ መድኃኒት ይጀምርለታል፣ መጠን ያስተካክልለታል። 319 ሰዎች ነበሩ። በስድስት ወር ውስጥ የላይኛው ግፊት በአማካይ በ27 ወረደ። ሐኪም ጋ ሂድ ተብለው ብቻ በተመከሩት ላይ የወረደው በ9 ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ነው የወጣው።

የእኛ ፀጉር ቤት የባጃጅ ተራ ነው። አስተባባሪ አላችሁ፣ ተራ አስከባሪ አላችሁ፣ ሁላችሁም ስማርት ስልክ አላችሁ። ቴሌግራም በትክክል የሚሠራው ለእናንተ ነው፤ ለአለታዋ እናት አይደለም። ግን የፀጉር ቤቱን ግማሽ ብቻ እንዳትወስዱ። ውጤቱን ያመጣው ልኬቱ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አብሮ መኖሩ ነው።

ስለ ጫቱ፦ ጫት እየተቃመ ግፊትም የልብ ምትም ይጨምራል። ስለዚህ ልኬት ጠዋት ይሁን፣ ከጫት በፊት። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ግማሽ ሊትር ኮላ ከ50 ግራም በላይ ስኳር ይዟል። ወደ አሥራ ሦስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሻይ ላይ ጨምሬ ጠጣ ብልህ ታብዳለህ።

ባጃጅ ቁጥር ሁለት

አሥራ ሦስት? አይ እንግዲህ። ዛሬ ሁለት ጠጥቻለሁ።

[ይህ መልእክት በአወያዩ ተነስቷል]

አወያይ

«ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል ሻይ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ» የሚል ማስታወቂያ ነበር። እዚህ ቤት አይፈቀድም።

ነርስ ከታቦር

አወያይ ተባረክ። የሐይቅ ዳር ልጅ፣ የእናንተም ግሩፕ ላይ ይህ በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚመጣ ጠብቅ። ሽፈራው ጠጥተህ መድኃኒቱን ተው የሚልህ ሰው ሳይጠራ ከተፍ ይላል። ሽፈራው እንደ ጎመን ቢበላ ጥሩ ምግብ ነው፤ ማንም አይከለክልም። ኢንሱሊን አስጥሎ ሰው የጣለ ምክር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። መልእክት መለጠፍ የሚችለው የተመደበ ሰው ብቻ ይሁን። ጥያቄ በውስጥ ይምጣ፣ መልስ ባለሙያ ይስጥ።

የሐይቅ ዳር ልጅ

እሺ፣ ማሽኑን እንግዛ እንበል። ማን ይለካ? ወጣቶቹ ፈቃደኛ ናቸው። ሥልጠና ይፈልጋል?

ፋርማሲስቷ

በደንብ አድርጎ ይፈልጋል። አንድ የበጎ ፈቃድ ልኬት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦታውን እተወዋለሁ።

ድንኳን ተተክሏል፣ ሰልፍ አለ፣ ፀሐይ አለ። አንዲት እናት ከመንገድ ማዶ ፈጠን ብለው መጡ፤ ተራ እንዳያመልጣቸው። ልጁ አስቀመጣቸውና ማሰሪያውን በሹራባቸው ላይ ጠቀለለው። እግራቸው መሬት አልነካም፤ ወንበሩ ረጅም ነው። እጃቸው ተንጠልጥሏል። እሳቸው ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወሩ ነው፤ ልጁም ይመልሳል። ማሽኑ ነፋ፣ ተነፈሰ፤ 171 በ98 አለ። ልጁ ድምፁን ሳይቀንስ «እማማ፣ ግፊት አለብዎት!» አላቸው። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ሴትዮዋ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ወደ ጥላ ወስጄ አስቀመጥኳቸው። ሹራቡ ወለቀ፣ ጀርባቸው ድጋፍ አገኘ፣ እግራቸው መሬት ረገጠ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ሆነ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለን ተቀመጥን። ሁለቴ ለካሁ፣ በመሐል አንድ ደቂቃ አረፍን። 134 በ82። ቡና ደግሞ ጠጥተው እንደመጡ በኋላ ነገሩኝ፤ ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም መቅረት አለበት።

ለልጆቹ የሚያስፈልገው ሥልጠና ይህ ነው። በግማሽ ቀን ያልቃል። ግን ካልተሠራ እድሩ ጤነኛ ሲያስለቅስና በሽተኛ ሲያሳልፍ ይውላል። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ማሽን አትግዙ፤ የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ። ድንጋይም መለዋወጫ ይኑራችሁ። በመሐል እየጠፋ የሚያሳፍረው እሱ ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያውም በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ከታየ፣ ግፊት ይባላል። ቤት ውስጥ ተረጋግቶ ለሚለካ 135 በ85 ነው መስመሩ። አንድ ቀን ስለጨመረ ማንም ሰው «በሽተኛ» አይባልም። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ ግን ሌላ ቀን ብሎ ነገር የለም። ባጃጅ ይጠራና ወደ ሆስፒታል።

ኮድ ጸሐፊው

ስኳርስ? ያንንም በድንኳን?

ፋርማሲስቷ

ስኳር ላይ ተረጋጉ። ስትሪፕ፣ ያ ደም የሚነካበት የመለኪያው ወረቀት፣ ውድ ነው፤ እቃው አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ሁሉንም ሰው ከለካችሁ የእድሩ ካዝና በሁለት ወር ባዶ ነው። መጀመሪያ ለዩ። ዕድሜ፣ በቤተሰብ ስኳር መኖሩ፣ ልጅ ስትወልድ ስኳር ታይቶባት የነበረች እናት፣ ግፊት ያለበት ሰው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡ፤ የወገብ ዙሪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ልብ ይባላል። እነዚህን ብቻ ለጠዋት ቅጠሩ፤ ለስምንት ሰዓት ምንም ሳይበሉ ይምጡ። ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 የማስጠንቀቂያ ቦታ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ በድጋሚ ይመርመር።

ለእኔ ዋናዎቹ ከ100 እስከ 125 ያሉት ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው። በፈረንጆቹ 2002 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ፣ ወደ ስኳር ሕመም የመሄዳቸው ነገር በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ላይ የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። 150 ደቂቃ ማለት ለሐዋሳ ሰው ምንድን ነው? በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፍቅር ሐይቅ ላይ ፈጠን ብሎ መራመድ። ሜዳ ነው፣ ዳገት የለው፣ ነፋስ አለ።

አንድ ነገር በቀይ ይጻፍ፦ የመውጊያዋ መርፌ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ናት። «በአልኮል ጠርጌዋለሁ» አይሠራም። የጉበት ቫይረስ እንዲህ ነው የሚተላለፈው።

ጡረተኛው መምህር

ውይይታችሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፤ ደስ ይላል። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስኳር አለብኝ። በሰፈሬ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እንዲበዙም አልፈልግም። እድር ወሬ የማያመልጠው ቦታ ነው። ልጅ ሲዳር እንኳ «በዘራቸው ስኳር አለ» ይባላል። አሁን ደግሞ የእኔ ቁጥር በአንድ ወጣት ስልክ ውስጥ ሊገባ ነው። ነገ ስልኩ ቢሰረቅስ? ቢጣላኝስ?

ኮድ ጸሐፊው

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ይህ ካልተፈታ የቀረው ሁሉ ውሃ በወንፊት ነው። ቻናልና ግሩፕ ይለያያሉ። ግሩፕ ላይ አባላት እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ቻናል ላይ አይተያዩም። ስለዚህ የጋራ መልእክት በቻናል ይሂድ። የማንም የልኬት ቁጥር እዚያ አይለጠፍ፤ «የዛሬው ጀግና» ተብሎ እንኳ።

መዝገቡ ደግሞ ስም አይያዝ። እያንዳንዱ አባል ተራ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጠው፤ ስሙና ቁጥሩ የሚገናኙበት ወረቀት በአንድ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ። ያም ሰው ጤና ባለሙያ ቢሆን እመርጣለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1321 ነው። የጤና መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል። እድር ነን ብሎ ማለፍ አይቻልም። መለካትም በፈቃድ ነው። ያልፈለገ አይቀጣም፣ አይጠየቅም።

ቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ላይ በራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም፣ ልሥራላችሁ የምል ሰው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቦት አያስፈልጋችሁም እላለሁ። አንድ ሰንጠረዥ ስልክ ላይ ይበቃል፤ የካርድ ቁጥር፣ የሚቀጥለው ልኬት ቀን፣ ጤና ጣቢያ ሄደ ወይስ አልሄደም። በየሳምንቱ አንድ ሰው ሰንጠረዡን አይቶ ላልሄዱት ይደውል። ይደውል ነው ያልኩት፤ መልእክት ይላክ አላልኩም።

ጡረተኛው መምህር

እንዲህ ከሆነ እኔም ካርድ እወስዳለሁ። ስልክ መደወሉንም ብትፈልጉ ለኔ ስጡኝ፤ ጊዜ ሞልቶኛል። ሰው ሳያስቀይሙ መጨቅጨቅ የሠላሳ ዓመት ሥራዬ ነበር።

ሻይ ቤት አለኝ

አሞራ ገደል አጠገብ ነኝ። እኔ በሳይንሱ አልገባም፤ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ድሮ ሻዩን ስኳር ጨምረን ነበር የምንቀዳው። አሁን ስኳሩን ለብቻ በትንሽ ሲኒ እናቀርባለን። ሰው የሚጨምረው በጣም ያንሳል፤ ስኳር ቆጥቤያለሁ። ዳጣው ላይ ጨው ቀነስኩ፤ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ። ዓሣ የሚበላው ሰው ምንም አላለም። ጨው እንደቀነስኩ ብነግረው ኖሮ ግን «አይጣፍጥም» ይል ነበር፤ እመኑኝ።

ነርስ ከታቦር

አንቺ በአንድ ሲኒ ብዙ ፖስተር አሸነፍሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ጨው አትለፉ ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ወጥ ውስጥ ያለውን ጨምሮ። በፈረንጆቹ 2015 አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ የእኛ ሰው አማካይ ከ8 ግራም በላይ ነው የተገኘው። በዚያው ጥናት ግፊት የተገኘበት ሰው 16 በመቶ አካባቢ ነበር።

ጾም ላይም አንድ ልበል፤ ግሩፑ ላይ መነሳቱ አይቀርም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ስኳር ከ70 በታች መውረድም አደገኛ ነው፤ በጣም ከወረደ ሊገድል ይችላል። ሴኔጋል ይህን አስበው ለረመዳን ብቻ የተዘጋጀ የስልክ መልእክት ልከው ነበር። ለእኛ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም አለን። በዓመቱ ሁሉ ከመልቀቅ ይልቅ መልእክቱን እንዲህ ባለው ወቅት ላይ ብታውሉት ሰው ያነበዋል።

የሐይቅ ዳር ልጅ

ሰዎች፣ ተባረኩ። ትናንት ከኮሚቴው ጋር ተቀመጥን። የሴቶቹ እድር ሰብሳቢም መጡ፤ እንደጠበቅኩት ስብሰባውን ራሳቸው መሩት።

የተስማማነው ይህ ነው። ማሽን ይገዛል፤ ሁለት፣ አንዱ ለሴቶቹ እድር። ልኬት በወር ስብሰባው ቀን ጠዋት፣ ከመዋጮ በፊት፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ውጤት በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ጮክ ብሎ አይነገርም። ከልኬቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ውይይት፤ በሲዳሙ አፎም በአማርኛም። ቻናሉ የሚያስታውሰው ቀኑንና የእግር ጉዞውን ብቻ ነው፤ የዕለት ምክር የሚባል ነገር ቀርቷል። ወጣቶቹ ትንሽ አኮረፉ። የባጃጅ ተራውን ግሩፕ ስንሰጣቸው ግን ተመለሱ።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ። ሰው ለክተን «ከፍ ብሏል፣ ጤና ጣቢያ ሂድ» ብለነው፣ እዚያ ሄዶ ረጅም ሰልፍ ካየ፣ ወይ መድኃኒት አልቋል ከተባለ፣ ተመልሶ አይሄድም። እኛንም አያምነንም።

ነርስ ከታቦር

በጣም ከባዱን ጠየቅክ። ከመጀመራችሁ በፊት፣ ልብ በል ከመጀመራችሁ በፊት፣ ጤና ጣቢያችሁ ያለውን የስኳርና ግፊት ክፍል ኃላፊ አነጋግሩ። ስንት ሰው እንደምትልኩና በየትኛው ቀን እንደምትልኩ ንገሯቸው። በአንድ ሰኞ ሰላሳ ሰው ከምትልኩ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ላኩ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጥሯት። ከተማ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው፤ ቤት ለቤት የመሄድ ሥራም አላቸው፤ ልጆቹንም ልታሠለጥንላችሁ ትችላለች። የጤና መድን የሌላቸውን አባላት ደግሞ እድሩ በምዝገባ ወቅት በአንድ ላይ ቢያስመዘግብ ጥሩ ነው። ግፊት የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው፤ በኪስ ብቻ አይዘለቅም።

መድኃኒት ለጠፋ ቀን ደግሞ ፋርማሲስቷ አለች።

ፋርማሲስቷ

አለሁ። የትኛው ፋርማሲ ምን እንዳለው ማጣራት በስልክ የሚሠራ ሥራ ነው። ቻናላችሁ ለአንድ ነገር ይጠቅማል ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ጥርጥር

እሺ፣ ተሸነፍኩ። አጎቴን የት ላምጣው?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ሰፈራችሁ የት ነው? በውስጥ ጻፍልኝ። ጠዋት ይምጡ፣ ቡና ሳይጠጡ።

ጥርጥር

ቡና ሳይጠጣ? እሱ ነው ከባዱ። አንድ ጥያቄ፤ ክንዱ ወፍራም ነው፤ ባለፈው የተለካ ቀን ማሰሪያው እየተላቀቀ አስቸግሮ ነበር።

ፋርማሲስቷ

ጠባብ ማሰሪያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለ ክንድ ነው። የክንዳቸውን መሐል በሜትር ለካው፤ ከ32 ካለፈ ትልቁ ማሰሪያ ያስፈልጋል። የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ማሽኑ ገና ካልተገዛ ትልቁን ማሰሪያ የሚቀበል መሆኑን ሱቁ ውስጥ ጠይቅ፤ ሁሉም አይቀበሉም።

የሐይቅ ዳር ልጅ

ገና አልተገዛም። ቅዳሜ ነው የምንሄደው፤ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ።